ክርክር፦ የኮንትሮባንድ ጨዋታ ለልጆች ይነገር?

የከዚራ ልጅ፦ የድሬዳዋ የድሮ ባቡር የኮንትሮባንድ ጨዋታዎች ተሰብስበው ትምህርት ቤት ይነገሩ? እኔ ይነገሩ ባይ ነኝ። ሴትዮዋ ጅቡቲ ድንበር ላይ ካለው ደወሌ ጣቢያ ስትሳፈር ክር ታክላለች። ድሬዳዋ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ስትወርድ በሩ አይበቃትም፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባለቻ! ፊናንሱ፣ የጉምሩክ ጠባቂው ማለት ነው፣ "ምን በልተሽ ነው?" ሲላት "የጅቡቲ አየር ተስማማኝ" ትለዋለች። ጅቡቲን ለሚያውቅ ይቺ ብቻ ትበቃለች አቦ!

ጡረተኛው፦ ለእናንተ ጨዋታ ነው። እኔ ኬላ ላይ ሠርቻለሁ። በወሬያችሁ ፊናንስ ሁሌ ሞኝ ነው፤ ጥይት አይተኮስበትም። ሌሊት መብራት አጥፍቶ የሚበር አይሱዙ ፊት ቆመህ "ቁም!" ብለህ ታውቃለህ? ልጅ ሕግ ጥሶ ማምለጥን ጀግንነት ብሎ ይደግ?

የተረት ወዳጅ፦ ጋሼ፣ ተረት እንደ ቃለ ጉባኤ አይነበብም። ቱርኮችም ፋርሶችም የሚያወሩት የብልጡ የተረት ሰው የናስረዲን ሆጃ ጨዋታ አለ። የኬላ ጠባቂው በየቀኑ የሆጃን አህያ ጭነት ይበረብራል። ገለባ ብቻ! ጠባቂው ጡረታ ከወጣ በኋላ "እባክህ ምን ነበር የምታሳልፈው?" ቢለው "አህያ" አለው። ይህን የሰማ ሁሉ ኮንትሮባንዲስት አልሆነም።

የጂግጂጋው፦ ከጂግጂጋ ወዲያ፣ ሶማሌላንድ ጠረፍ ቶጎ ውጫሌ ያለው የድንበር መስመር በ1897 እ.ኤ.አ. ምኒልክና እንግሊዞች የተዋዋሉበት ነው። ያኔ ከብት አርቢው ለግጦሽ ወዲያና ወዲህ እንዲሻገር ተፈቅዷል። ግመሉ ይለፍ ተብሎ ግመሉ ላይ ያለው ስኳር ሲያዝ ሰው ቢስቅ ምን ይገርማል?

ጡረተኛው፦ ስኳሩስ ይሁን። በዚያው መንገድ ጥይት ይገባል። ፀሐይ ሲጠብሰው የሰነበተ መድኃኒትም ይገባል። እሱን ማን ይስቅበታል?

ቀፊራ ሰፈር፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያለችው ሁሌ ባለ ፌስታሏ እናት ናት። የልጆቿን እንጀራ ነው የደበቀችው፤ ስለዚህ እንስቃለን። ባለ አይሱዙው የት ሄደ? በእሷ ሳቅ ተከልሎ ያልፋል። ጨዋታው ይሰብሰብ፣ ግን የጋሼ የኬላ ሌሊትም አብሮ ይግባ። አለዚያ ግማሹን ነው የምንነግራቸው።

የከዚራ ልጅ፦ ይመቸኛል። ጋሼ፣ ይነግሩናል?

ጡረተኛው፦ እነግራችኋለሁ። ስሜን ግን እንዳትጽፉ። ባለ አይሱዙው እዚሁ ሰፈር ነው፤ ሰላምታም እንለዋወጣለን።