ሙድል ላይ ስለጥፈው ፊደሉ ጉድ ሆነ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ!

ጠመኔ፦ ሰላም ቤተሰብ። የአካውንቲንግ ሌክቸሬን በስልክ ቀድቼ ወደ ጽሑፍ አስገለበጥኩት፣ 31 ገጽ ወጣ። ነገ ጠዋት ለኦንላይን ተማሪዎች መለቀቅ አለበት። ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫው ድረ ገጽ) ላይ ስለጥፈው ግን ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ላቲን ሆነ! እኔ ኮምፒውተር ላይ ደህና ነው። ደግሞ ሳነበው ለራሴም አልገባኝም፣ ክፍል ውስጥ እኮ ግልጽ ነበር።

የቡና ሱስ፦ ፒዲኤፍ አድርገህ ጫነው፣ በቃ።

እመት ሰዓሊ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓላማህን ጻፍ። ተማሪው ምዕራፉን ሲጨርስ ምን መሥራት ይችላል? ብዙ መምህር ይህን ዘሎ ነው ወደ ኮምፒውተር የሚሮጠው። ማውራት ሌላ፣ ማስተማር ሌላ…

ጠመኔ፦ እሺ እህቴ፣ ፊደሉስ?

ቀጭኑ፦ ግን ጽሑፍ ለምን አስፈለገ? ድምፁን ቴሌግራም ላይ ልቀቅላቸው።

ጠመኔ፦ የሁለት ሰዓት ድምፅ? ፓኬጁን አንተ ትገዛላቸዋለህ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ማነው የተየበው? ፎንቱስ?

ጠመኔ፦ የቢሯችን ጸሐፊ ናት። ቪዥዋል ግዕዝ ይላል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ይኸው! የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ዩኒኮድ (ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ) አይደለም። የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጠው በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነው፣ ፎንቱ የሌለበት ቦታ ላይ ላቲኑ አፍጥጦ ይወጣል። ኒያላን የመሰለ የዩኒኮድ ፎንት መምረጥ ብቻ አያድንህም፣ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ለነገ ፒዲኤፉ ያወጣሃል፣ ግን ስልክ ላይ በማጉላት ዓይናቸው ይጠፋል። አልገባኝም ካልከው እስኪ አንድ መስመር ላክ።

ጠመኔ፦ «ከዚህ ላይ ይሄን ስንቀንስ፣ ለዚህኛው ስናካፍል ይሄው መጣ፣ ገባችሁ?»

የቡና ሱስ፦ ሃሃ፣ «ገባን» ብለው ዋሽተውሃል።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ይሄ» ያልከው ሁሉ ሰሌዳው ላይ በጣትህ ያሳየኸው ነው፣ ጣትህ ደግሞ አልተቀዳም። በስሙ ጥራው፦ «መኪናው በ600,000 ብር ተገዛ። ከ5 ዓመት በኋላ 100,000 ብር ያወጣል እንበል። ልዩነቱን 500,000 ብር ለ5 ስናካፍል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 100,000 ብር ነው።» «ገባችሁ?» ባልክበት ቦታ ጥያቄ አስገባ፦ ልዩነቱ ሳይቀየር መኪናው 8 ዓመት ቢያገለግልስ? መልሱን 62,500ን ገጹ ግርጌ አድርገው። 31ዱን ገጽ ዛሬ ማታ አትጨርሰውም፣ የመጀመሪያውን ርዕስ ብቻ አስተካክለህ ልቀቅ።

እመት ሰዓሊ፦ ከዓላማው በኋላ ግን!

ፊደል ቆጣሪ፦ ጠመኔ፣ እንዴት ሆነ?

የቡና ሱስ፦ እኔ እኮ ቀድሜ ፒዲኤፍ ብዬ ነበር።