ክርክር፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ቦሩ ሜዳ ልብ ወለድ መጻፍ ይገባዋልን?

አወያይ (ደሴ)

ባለፈው እሑድ በንባብ ማኅበራችን አንድ አባላችን ከሚጽፈው ልብ ወለድ ሁለት ምዕራፍ አንብቦልናል። ታሪኩ በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉና የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ከታዘዘ በኋላ ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። ያልነበራችሁ እንድትከተሉን ያህል፣ ክርክሩን ያስነሣው ትዕይንት የሚከተለው ነው። ባልየው ተጠምቆ፣ ማዕተብ በአንገቱ አስሮ ይመለሳል፤ ሚስቱ ማታ ማታ ማዕተቡን ፈትታ በሙዳይ ታስቀምጠዋለች፤ ሲነጋ፣ የጭቃ ሹሙ ከመምጣቱ በፊት፣ መልሳ ታስርለታለች። ጸሐፊው የታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪና የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ክርስቲያን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጽፍ ለእምነቱ፣ ለትምህርቱና ለጎረቤቱ ታማኝ ሆኖ መቆየት ይችላልን? ሐሳባችሁን አቅርቡ።

ቀሲስ (ደሴ)

ልጄ የጽሕፈት ጸጋ እንዳለው አልጠራጠርም፤ ተቃውሞዬ ጸጋው በዋለበት ቦታ ላይ ነው። ቦሩ ሜዳ ለእኛ በመጀመሪያ የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ስለ ጌታችን ልደት ሊቃውንቱን ለረጅም ዘመን ሲከፋፍል የኖረው ክርክር በዚያ እልባት አግኝቶ፣ የሦስት ልደት ትምህርት፣ ማለትም ጌታ ከአብና ከድንግል ማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለው፣ የተወገዘበት ነው። በረቂቁ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ታልፎ የቀረው ገጽ በሙሉ ለማዕተቡ ተሰጥቷል። መጽሐፉን ያነበበ ወጣት ስለ ጉባኤው የሚያስታውሰው ግዳጁን ብቻ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ፣ አንድ ሰው ሁሉንም ልያዝ ማለቱ ራሱ ያሳስበኛል። ሐዋርያት እንኳ «የእግዚአብሔርን ቃል ትተን ማዕድን እናገለግል ዘንድ የሚገባ ነገር አይደለም» ብለው ለማዕድ አገልግሎት ሰባት ሰዎችን አስመርጠዋል። ለእያንዳንዱ ድርሻ አለው።

የታሪክ መምህርት (ኮምቦልቻ)

እኔም እቃወማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ከቀሲስ ይለያል። ግዳጁ መነገሩን አልቃወምም፤ የሚያሰጋኝ የሚነገርበት መንገድ ነው። ከወሎ ሙስሊም ገዥዎች ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸው፣ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት እንደሆኗቸው፣ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተብለው ምኒልክ የክርስትና አባት እንደሆኗቸው በማስረጃ የምንናገረው ነው። በልባቸው የነበረው እምነት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ሹመት ይሁን ግን እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ሚካኤል ሌሊት ብቻቸውን ሲያለቅሱ ይታያሉ። ይህን ማን አየ? ብቻቸውን ከነበሩ ማን ነገረን? አንድ ልብ ወለድ ተወዳጅ ከሆነ በኋላ ሰው ከሰነድ የተገኘውን ከደራሲ ከተጨመረው ለይቶ አይዝም፤ ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ ሲጽፉት አየዋለሁ። ምሁርነት ክፍተትን ክፍተት ነው ብሎ መተውን ይጠይቃል፤ ልብ ወለድ ደግሞ ክፍተቱን ሳይሞላ አይሆንለትም።

የረቂቁ ጸሐፊ

አባቴ፣ የጠቀሱት ምዕራፍ እኔንም ብዙ ጊዜ አቁሞ አሳስቦኛል። ሆኖም ለማዕድ ከተመረጡት ሰባት ሰዎች የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው፤ በሚቀጥለው ምዕራፍም የሐዋርያት ሥራ ውስጥ ረጅሙን ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው። ንግግሩ ደግሞ የገዛ ወገኑ ታሪክ ነው፤ ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ መማሩንም፣ አባቶች በነቢያት ላይ ያደረሱትንም ሳይደብቅ ይተርካል። ማዕዱ ከትምህርቱ፣ ትምህርቱም ከታሪኩ አልለየውም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በስሙ የተጠራው የሐይቅ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የጸሎት ቤትም የትምህርት ቤትም ነበር። እዚያው የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ለማኅበሩ እህል ሲፈጩ ኖረዋል፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምትጸልይበትን ድርሰት ደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ወፍጮውንም ብራናውንም መያዙ በእኛ ምድር አዲስ ነገር አይደለም።

ልብ ወለድ ለአገልጋይ አይገባም የሚለውን በተመለከተ፣ ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው በተፈጠረ ታሪክ ነው። ድሀው ሰውና አንዲቱ በግ በእውን አልነበሩም። ናታን በቀጥታ «የኦርዮን ሚስት ወሰድህ» ቢለው ንጉሡ ራሱን ለመከላከል ይዘጋጅ ነበር፤ ስለ በጊቱ ሲሰማ ግን ፈራጅ ሆኖ ተቆጣ፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም የምጽፈው በቅድሚያ ለራሴ ወገን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራቸው ልጆች ሃይማኖት በነጻ ፈቃድ የሚቀበሉት መሆኑን በቃላቸው ያውቁታል፤ በአያቶቻቸው አገር በንጉሥ ትእዛዝ የተጠመቀ ሰው እንደነበረ ግን አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ፣ ምናልባትም በጥላቻ ተለውሶ፣ ይሰሙታል። ከእኔ ቢሰሙት እመርጣለሁ። እምነቴ የሚጠይቀኝ ይህን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስሙ የተደረገውን በደል በመሸፋፈን የሚጠበቅ እምነት አልተቀበልኩም።

መምህርት፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ ይከብደኛል። የሚከተለውን ድንበር ለራሴ አስቀምጫለሁ። በስም የሚታወቅ የታሪክ ሰው በማስረጃ ከሚታወቀው ውጭ በመጽሐፉ ውስጥ አይናገርም፣ አያደርግምም፤ የፈጠርኳቸው ተራ ሰዎች ግን የራሳቸው ሕይወት ይኖራቸዋል። የልቅሶውም ነገር በገበያ የሚነገር ወሬ ሆኖ ይገባል፤ አንዱ አገልጋይ አየሁ ይላል፣ ሌላው ውሸት ነው ይለዋል። ወሬ መኖሩ ለዘመኑ እውነት ነው፤ የወሬውን እውነትነት ለአንባቢ እተዋለሁ።

የቅሬ ሰብሳቢ (ደሴ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ መዝገባችንንም የያዘው እሱ ነው። መዝገቡን የገለጠ ሰው ይህ ታሪክ አላለፈም ይላል፤ አባቱ ይመር፣ ልጁ ገብረ ማርያም፤ አባቱ ኃይለ ማርያም፣ ልጁ አሕመድ፤ ሁሉም በአንድ ዓምድ፣ በአንድ መዋጮ። ሞት ሲመጣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን መቃብር ይቆፍራል፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ድንኳን ይተክላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች በሞላ ጊዜ እናቶች እንጀራውን ጋግረው ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሲያደርሱ የማን ወገን ነህ ብለው አልጠየቁም። ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም። እንዲህ ያለውን ኑሮ አንድ ገጽ ሊያናጋው ይችላል ብዬ ስለምፈራ ነው። መጽሐፉን ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? የማዕተቡ ገጽ ብቻ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከላይና ከታች ያለው ተቆርጦ ሲዞር የሚውለው በጠብ ፈላጊ እጅ ነው።

ቢሆንም አትጻፍ አልለውም። ነገር ግን ልጄ፣ ስለ እኛ የጻፍከውን ከማን ሰማህ? የዜና መዋዕሉን ጸሐፊ አንብበሃል። በዚያ ዘመን ግዳጁን የተቃወሙት ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በአማርኛ፣ በዓረብኛ ፊደል የጻፉት ግጥም አለ፤ ሽማግሌዎቻችን በመንዙማ የያዙትም ብዙ ነው። ኮምቦልቻም ሆነ ገጠሩ ውስጥ ቁጭ ብለህ ስማ። ሌላም አለ። ያቺ ሴት በሁለቱም ምዕራፎች ታለቅሳለች እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ሶላቷን ስትሰግድ አላየኋትም። እምነቷን የተነጠቀችው እንዲያሳዝን፣ አስቀድሞ እምነት ያላት ሰው መሆኗ ይታይ። የምታሳዝን ብቻ ካደረግሃት በድለሃታል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት (ደሴ)

ክርክሩ ሁሉ ስለ ሐሳብ ሆነ፤ እኔ ስለ ሥራው ልናገር። ወንድማችን ሦስቱን አጣጥሞ ይዟል የሚባለው እኔና አንዲት እህት ከግማሽ ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱን ክፍል ከራሳችን ጋር ደርበን ስለያዝን ነው። ስልሳ ሕፃናትን በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ልብ ወለዱን እወደዋለሁ፤ ቢታተም መጀመሪያ ከሚገዙት አንዷ እሆናለሁ። ሆኖም አንድ ወንድ ጽሑፍ ሲይዝ «ጸጋ ነው» ተብሎ ሸክሙ በዝምታ ወደ ሴቶች መተላለፉ ፍትሕ አይደለም። መጻፉም አገልግሎት ነው ከተባለ፣ በአገልግሎት ክፍሉ ጉባኤ ቀርቦ፣ ጊዜው ተወስኖ፣ ምትክ ተመድቦለት ይሁን።

ቀሲስ (ደሴ)

እህታችን ያለችው ትክክል ነው፤ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ። ሰብሳቢው የተናገሩትንም በአክብሮት ሰምቻለሁ። የናታን ምሳሌ ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም፤ ናታን ታሪኩን ለአንድ ሰው፣ በእልፍኝ ውስጥ ነገረው እንጂ ለገበያ አላወጣውም። በጉባኤው የተከራከሩት ሊቃውንትም በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሆነው ይታዩ። ሁለቱም ወገን ለእምነቱ ሲል ዕድሜውን በመጻሕፍት ላይ የጨረሰ ነበር፤ ያን ሳያሳዩ ግዳጁን ብቻ ማሳየት ሌላ ዓይነት አድልዎ ነው።

የረቂቁ ጸሐፊ

አባቴ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ከተረቱት ወገን የሆነ አንድ ደብተራ በሦስተኛው ምዕራፍ ይገባል፤ ክርክሩም በእሱ አንደበት ይነገራል። እህቴ፣ ምትክ እስኪመደብ ድረስ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ክፍሌን እኔው እይዛለሁ፤ የቅሬውንም መዝገብ አልለቅም፤ ለመጽሐፉ የሚቀረኝ ሌሊቱ ነው፣ ቢዘገይም ይዘግይ። ጋሼ፣ መንዙማውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዘንድ ቢወስዱኝ ደስ ይለኛል፤ ረቂቁንም ከኅትመት በፊት እርስዎና ቀሲስ አብራችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። የማዕተቡን ትዕይንት ግን አላወጣውም።

የታሪክ መምህርት (ኮምቦልቻ)

ከፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት፣ የትኛው በማስረጃ የተገኘ፣ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ በግልጽ የሚነገርበት ገጽ ካልገባ ተቃውሞዬ እንዳለ ነው። በመጨረሻ የሚቀመጥ ማስታወሻ አልቀበልም፤ ማንም አያነበውም።