የትወና ሽልማት በፆታ ይከፈል ወይስ አንድ ይሁን? የጎተንበርግን ፌስቲቫል ይዘን እንከራከር

ሰላም፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸውላችሁ። ስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ላይ ከ1979 ጀምሮ በጃንዋሪ መጨረሻ የሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል ከኖርዲክ አገሮች (ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ) ትልቁ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንያዝ)። በኖርዲክ ውድድሩ ለምርጥ ፊልም የሚሰጠው "ዘንዶ" 400,000 የስዊድን ክሮና አለው። የትወናው ዘንዶ ግን ምርጥ ወንድ፣ ምርጥ ሴት ብሎ አይለይም፤ አንድ ብቻ ነው። ትክክል ነው ትላላችሁ? ምክንያት ያልያዘ አስተያየት እሰርዛለሁ።

ታዬ፦ እኔ እቃወማለሁ። ተዋናዮችን መለየት ያስፈለገው ሴቶች ስለሚያንሱ አይደለም። ከወንዶች ጋር በአንድ መዝገብ ሲገቡ ስለሚረሱ ነው። ማስረጃ ለሚፈልግ፣ የእንግሊዙ የብሪት የሙዚቃ ሽልማት ከ2022 ጀምሮ ወንድና ሴት መለየቱን ተወ። በመጀመሪያው ዓመት ዘፋኟ አዴል አሸነፈችና ሁሉም አጨበጨበ። በ2023 ግን ለዓመቱ ምርጥ አርቲስት የታጩት አምስቱም ወንዶች ሆኑ። አዘጋጆቹ በማግስቱ ዓመት የዕጩዎቹን ቁጥር ወደ 10 ከፍ አደረጉት። ፆታን ከመዝገብ መፋቅ አድልዎን ከሰው ጭንቅላት አይፍቅም።

ሄኖክ፦ ጋሽ ታዬ፣ የብሪትን ካነሡ የበርሊንን የፊልም ፌስቲቫልም ማንሣት ነበረብዎት። በርሊን በ2021 "የብር ድብ" የሚባለውን ሽልማቱን ለወንድና ለሴት ተዋናይ ለይቶ መስጠቱን አስቀረ። ከዚያ እስከ 2025 ለመሪ ትወና የተሸለሙትን ይቁጠሩ፦ 2021 ማረን ኤገርት፣ 2022 ሜልተም ካፕታን፣ 2023 ሶፊያ ኦቴሮ፣ 2024 ሴባስቲያን ስታን፣ 2025 ሮዝ በርን። ከአምስቱ አራቱ ሴቶች ናቸው፤ ኦቴሮ እንዲያውም ገና ሕፃን ነበረች። ይረሳሉ ያሏቸው ሴቶች የት ተረሱ?

ታዬ፦ አምስት ዓመት አጭር ነው ልጄ። ዳኞቹም በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ የዘንድሮዎቹ የፈረዱት የመጪዎቹን አያስርም።

ማርታ፦ ሁለታችሁም ውጤት እየቆጠራችሁ ነው፤ ውጤቱ በምን መንገድ እንደሚወጣ ግን አላያችሁም። ብሪት ላይ ድምፅ የሚሰጡት ከሺህ በላይ የሙዚቃ ባለሙያዎች ናቸው። ሁሉም በየቤቱ፣ ሌላው ለማን እንደሰጠ ሳያውቅ ይመርጣል። በእንዲህ ያለ ምርጫ ብዙ የተሰማ ስም ያሸንፋል። ዝርዝሩ አምስቱም ወንድ ሲሆን "ቆይ፣ ምን ሆነን ነው?" ብሎ የሚያቆም ሰው የለም፤ ምክንያቱም ዝርዝሩን ሙሉውን የሚያየው ከተቆጠረ በኋላ ነው። የፌስቲቫል ዳኞች ግን ጥቂቶች ናቸው። ፊልሞቹን ሁሉ ያያሉ፣ አንድ ክፍል ተቀምጠው ይከራከራሉ።

እዚያም ቢሆን ችግር አለ። ዳኞቹ አምስት ናቸው እንበል። ሁለቱ አንዱን ተዋናይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሌላውን፣ አምስተኛው ሦስተኛ ሰው ቢመርጡ፣ ውሳኔው ያለው በአምስተኛው ሁለተኛ ምርጫ ላይ ነው። ወይም አራቱ ከመሸናነፍ ይልቅ ማንም አጥብቆ ያልወደደውን፣ ማንም ያልጠላውን ስም ይዘው ይወጣሉ። ይህ የሚስተካከለው መጀመሪያ እያንዳንዱ ዳኛ ሳይነጋገር ሦስት ስም በደረጃ ጽፎ እንዲያስገባ በማድረግ ነው። ውይይቱ ከዚያ ይቀጥላል።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ከእኔ ጋር ነሽ።

ማርታ፦ ግማሹን። በርሊን ያደረገውን በደንብ ተመልከተው። ወንድና ሴት የሚለውን ሲያስቀር መሪና ረዳት ትወና ብሎ ከፈለው፤ ሽልማቶቹ ሁለት ነበሩ፣ ሁለት ሆነው ቀሩ። ጎተንበርግ ላይ ግን አንድ ነው። በርሊንን ለጎተንበርግ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

ታዬ፦ ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ማርታ፦ ጋሽ ታዬ፣ የእርስዎ ሥጋት ስለ ሴቶች ነበር። የእኔ ስለ ትንንሽ ፊልሞች ነው። በኖርዲክ ውድድሩ የሚገቡት ፊልሞች ከ10 ብዙም አይርቁም። ከነሱ ውስጥ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ትወና፣ በሲኒማቶግራፈሩ (በካሜራ ባለሙያው) በስቬን ኒክቪስት ስም የሚሰጠው የካሜራ ሽልማትና የተመልካች ሽልማት ይወጣሉ። ዳኞች ሁሉን ለአንድ ፊልም መስጠት አይወዱም። በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ላይማ ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ለወሰደ ፊልም ሌላ ሽልማት እንዳይደረብለት የሚያግድ ደንብ አለ። ስለዚህ የትወና ሽልማት ብዙ ጊዜ ለጥቂት ዋናው ሽልማት ላመለጠው ፊልም መካሻ ይሆናል። ያ ፊልም የአይስላንድ ወይም የፊንላንድ ሆኖ ታዋቂ ተዋናይ ከሌለው፣ ውጭ አገር ለሚገኝ አከፋፋይ የሚያሳየው ነገር ፖስተሩ ላይ ያለው የፌስቲቫል ምልክት ነው። ሁለት ሊሆን የሚችለውን መካሻ አንድ ስታደርገው ባዶ እጁን የሚሄድ ፊልም በአንድ ይጨምራል።

ሚኪያስ፦ የካሜራውን ሽልማት ማንሣትሽ ጥሩ ሆነ። ሴት ሲኒማቶግራፈርና ወንድ ሲኒማቶግራፈር ብሎ የሚከፍል የለም፤ ለዳይሬክተርም፣ ለጸሐፊም፣ ለኤዲተርም አይከፈልም። ታዲያ ተዋናዩ ላይ ሲደርስ ለምን? ደግሞ ወንድም ሴትም ነኝ የማይል ተዋናይ በየትኛው ይግባ? ፌስቲቫሉ በግድ አንዱን እንዲመርጥለት ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ታዬ፦ ሚኪያስ፣ መልሱ ቀላል ነው። ካሜራ የሚይዝ ሰው ሚና አይጻፍለትም፤ ተዋናይ ይጻፍለታል። ስክሪፕቱ ላይ ለሴት የተጻፈ መሪ ሚና ከሌለ ሴቷ ምን ይዛ ትወዳደር? ዳኞቹ የሚያዩት የተቀረጸውን ብቻ ነው። ሚናው የሚወሰነው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ገንዘብ ሲፈቀድ ነው።

ሚኪያስ፦ እስማማለሁ፤ ስዊድን የተሻለ መሬት ላይ የቆመችውም ለዚህ ነው። የስዊድን ፊልም ኢንስቲትዩት በአና ሴርነር ዘመን ለሴት ዳይሬክተሮች፣ ጸሐፊዎችና ፕሮዲውሰሮች የሚሰጠውን ድጋፍ ከወንዶቹ እኩል ለማድረግ ዓመታት ሠርቷል። ሥራው የተጀመረው ከገንዘቡ በኩል ነው፣ ሽልማቱ ኋላ መጣ። ይህን ቅደም ተከተል ያልያዘ አገር መዝገቡን ብቻ ቢያዋህድ የብሪት ዕጣ ይደርሰዋል።

ሰላም፦ እንግዲህ ምን ይደረግ የምትሉትን በግልጽ ጻፉ።

ማርታ፦ መዝገቡ አንድ ይሁን፣ ሽልማቱ ሁለት። እኩል ማዕረግ፣ ከሁለት የተለያዩ ፊልሞች፣ ፆታ ሳይጠየቅ። ዕጩ አስቀድሞ በሚነገርባቸው ሽልማቶች ደግሞ ዕጩዎቹ እንዳይቀንሱ። የአሜሪካው ኢንዲፔንደንት ስፒሪት የፊልም ሽልማት መዝገቡን ሲያዋህድ ለመሪ ትወና 10፣ ለረዳት 10 ዕጩ አድርጓል።

ሄኖክ፦ ከሁለት የተለያዩ ፊልሞች የሚለው ይከብደኛል። በአንድ ፊልም ውስጥ ፊት ለፊት የተወኑ ሁለት ሰዎች ከሌሎቹ ሁሉ ቢበልጡስ? አንዱን በደንቡ ስም ልትጥይው ነው።

ማርታ፦ ያኔ ለሁለቱ አንዱን ሽልማት በጋራ ስጥ፣ ሁለተኛው ለሌላ ፊልም ይቆይ። በጋራ መሸለም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኖርዲክ ካውንስል የፊልም ሽልማትም 300,000 የዴንማርክ ክሮነሩን ለዳይሬክተሩ፣ ለጸሐፊውና ለፕሮዲውሰሩ እኩል ያካፍላል።

ታዬ፦ ተዋናዩ ግን እዚያም የለበትም። ሁለት ሽልማት የሚለውን እቀበላለሁ። ሁለቱም ሦስት ዓመት ተከታትለው ለወንድ ከሄዱ ግን ፌስቲቫሉ ዝም እንዳይል፣ ማን በመጨረሻው ውይይት ላይ ቀርቦ እንደነበረ ከነሚናው ይፋ ያውጣ። ይህ በደንቡ ካልገባ አሁንም ተቃዋሚ ነኝ።

ሄኖክ፦ የዳኞችን ውይይት ይፋ ካወጡ ማንም ዳኛ በነፃነት አይናገርም። በዚህ አልስማማም።