«ትንሽ» አስጨነቀችኝ፣ ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ!

የልጆች እናት፦ ወገኖች ድረሱልኝ! እዚህ የአገሩን ቋንቋ የምታስተምረኝ መምህር የጻፍኩትን መለሰችልኝ፤ «ትንሽ» ያልኩበት ሁሉ በቀይ ተሠምሮበታል። «ኤን ሊለ ቢል» (ትንሽ መኪና) ስህተት፣ «ሊተን ቢላር» (ትንንሽ መኪኖች) ስህተት። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያው ልክ ነው ይላል። ቶሎ በሉ፣ ልጆች እያስተኛሁ ነው።

ጋሽ ኦስሎ፦ እህቴ፣ ሰዋስው ከሥሩ ነው የሚያዘው። ስም ጾታ አለው። መኪና «ኤን ሊተን ቢል»፣ ጎጆ «ኤይ ሊታ ሂተ»፣ ቤት «ኤት ሊተ ሁስ»። የታወቀ ነገር ሲሆን «ሊለ»፣ ሲበዛ «ስሞ»። እኛ ይህን የተማርነው በረዶ እየጠረግን ነው፤ የዛሬ ልጆች ግን...

ኮፐንሃገን ነኝ፦ ጋሼ፣ ሰውን ምን ያስጨንቃሉ? ኤን ሊለ ቢል፣ ኤት ሊለ ሁስ፣ አለቀ። ሲበዛ ስሞ። ባልሽ ልክ ነው።

ቡና አፍሊ፦ አገሯን ሳትጠይቁ! እህት፣ የት ነሽ?

የልጆች እናት፦ ስዊድን፣ ማልሞ ነዋ! ባለቤቴ ግን ድልድዩን እየተሻገረ ኮፐንሃገን ነው የሚሠራው።

ቡና አፍሊ፦ በይ ተገኘ፣ ባልሽ ዴንማርክኛ ነው ያስጠናሽ 😂 በስዊድንኛ ኤን ሊተን ቢል፣ ኤት ሊተት ሁስ። «መኪናዋ»፣ «ቤቱ» ስትዪ ዴን ሊላ ቢለን፣ ዴት ሊላ ሁሰት። ሲበዛ ስሞ ቢላር።

ጋሽ ኦስሎ፦ ሲበዛ ስሞ ነው አላልኩም?

ኮፐንሃገን ነኝ፦ «ሊለ» በስዊድንም አለ እኮ! «ዴን ሊለ ፖይከን» ይላሉ።

ቡና አፍሊ፦ እሱ ለወንድ ልጅ ነው። መኪናዋ ሱሪ ታጥቃለች?

ሰነፍ ተማሪ፦ ቋንቋቸው ነው የተበላሸው። ሲበዛ ቃሉ ጭራሽ ሌላ ይሆናል?

ቡና አፍሊ፦ እኛስ ትንሽ፣ ትንንሽ፣ ትናንሽ እንል የለ? ቢያንስ የእኛ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ 😅

የስቶክሆልሟ፦ የኔ እህት፣ ዋናውን ወጥመድ ማንም አልነገረሽም። የእኛ «ትንሽ» ለመጠንም ለብዛትም ነው፤ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ውሃ። እነሱ ብዛቱን «ሊተ» ነው የሚሉት። እኔ «ትንሽ ስዊድንኛ እችላለሁ» ለማለት «ሊተን ስቬንስካ» እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ፤ የሚባለው «ሊተ ስቬንስካ» ነው። በኦስሎ ኖርዌይኛ ግን ትንሽ ቤትም «ኤት ሊተ ሁስ» ስለሆነ የጋሼን ነገ እንዳትጽፊው።

ጋሽ ኦስሎ፦ የእኔ ምን አጠፋ?

ቡና አፍሊ፦ (በማግስቱ) እህት፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

ኮፐንሃገን ነኝ፦ ባልየውን ድልድዩ ላይ እየጠበቀችው ይሆናል።