የለሚ ኩራ ታሪክ ከየት ይጀምር?

አስተባባሪ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ለኮሚናሉ (ለኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት) ግድግዳ የሚሆን አጭር የሰፈር ታሪክ እየተጻፈ ነው። ረቂቁ የሚነሳው ከ2013 ዓ.ም. ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ የሆነው ያኔ ነው። ከዚያ መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙና ትምህርት ቤቱ ይቀጥላሉ። አንዳንዶቻችሁ "ከዚያ በፊት እዚህ ሰው አልነበረም?" ብላችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። በውስጥ ከሚታማ እዚሁ ይውጣ። ስድብ የለም። በብሔር የሚመጣም ወዲያው ይሰረዛል።

ብሎክ 41፦ እኔ ረቂቁ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚጻፈው ስለ ክፍለ ከተማ ነው፣ ክፍለ ከተማው ደግሞ የተቋቋመበት ዓመት ይታወቃል። ወደ ኋላ ከሄድን የት ልንቆም ነው? ምኒልክ ጋ? ከዚያም በፊት? ግድግዳው አይበቃንም።

የበሻሌው፦ ወንድሜ፣ ሳይቶቹ ምን እንደሚባሉ አስተውለሃል? ቦሌ አራብሳ፣ ቦሌ በሻሌ፣ የካ አባዶ። አራብሳ፣ በሻሌና አባዶ ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ የገበሬ መንደሮች ናቸው። ከፊታቸው የተለጠፈው ቦሌና የካ ነው በኋላ የመጣው። አሁን እንግዲህ ቦሌም የካም አይደሉም፤ ታፔላው ላይ ግን ቅጥያው አልወረደም። ከ2013 ብትጀምሩ የራሳችሁን አድራሻ እንኳን ማስረዳት አትችሉም።

አባቴ በሬ ጠምዶ ያረሰው መሬት ላይ ነው ዛሬ ታክሲ የምትሰለፉት። ጤፍ ነበር፣ አንዳንዴ ጓያ። አውድማችን የነበረው አሁን ሮቶዎቹ የተደረደሩበት ጋ ነው። ክረምት ጭቃው ጫማችሁን የሚያስቀረው ለምን ይመስላችኋል? መረሬ ነዋ! ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የግቢው አጥር ሲሰነጠቅ ኮንትራክተሩን ብቻ ትረግማላችሁ። አባቴን ብትጠይቁት በየት በኩል ውሃ እንደሚተኛ ያሳያችሁ ነበር።

ብሎክ 41፦ እሺ፣ አንድ መስመር ይጨመር። "አካባቢው ቀደም ሲል የእርሻ መሬት ነበር" ተብሎ ይታለፍ።

የበሻሌው፦ መሬቱስ ነበር። ሰውየውስ?

የሰሚቷ እናት፦ እኔም ልናገር። የመንደሮቹ ስም ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል። የምፈራው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ መጨረሻው ላይ እኛ ወራሪ እንሆናለን። እኔ የማንንም መሬት አልቀማሁም። በ1997 ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ተመዘገብኩ። ልጆቼን በኪራይ ቤት፣ ከአከራይ አከራይ እያንከራተትኩ ነው ያሳደግኩት። 20 በመቶውን ቆጥቤ፣ ቀሪውን ከባንክ ተበድሬ፣ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። በ2005 ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው እንደተመዘገበ አትርሱ። ያ ሁሉ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቤት አጥቶ ነው።

የበሻሌው፦ እህቴ፣ አንቺን ማን ምን አለሽ? ከናቴ ወተት የምትወስጂው አንቺ አይደለሽ እንዴ?

የሰሚቷ እናት፦ እሱማ አዎ። ግን ጽሑፉን የሚያነበው ሁሉ እናትህን አያውቅም።

ጋሽ መምህር (ሲኤምሲ)፦ ልጆቼ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት በደርግ ጊዜ ነው። ሲኤምሲ ራሱ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስም ነው፤ ቤቶቹ ተሠርተው ሰው ሲገባ ሰፈሩ የድርጅቱን ስም ይዞ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከእኛ ወዲያ እርሻና ባሕር ዛፍ ነበር። ከተማው በአንድ ጊዜ አልመጣም። የአያት ቪላዎች ተሠሩ። ከዚያ የሰሚት ኮንዶሚኒየሞች መጡ። በ2006 የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ፣ በ2008 ባቡሩ አያት ደረሰ። አባዶና አራብሳም በተራቸው ተሞሉ። ክፍለ ከተማው የመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ የልደት ካርድ እንደማውጣት ነው። ስለዚህ ከ2013 ይጀምር የሚለውን አልቀበልም።

ግን የበሻሌውም የዘለለው ነገር አለ። መንደሮቹም እንዲሁ እንደ ጥንቱ ተቀምጠው የቆዩ አይደሉም። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ባለርስትና ጭሰኛ ቀረ፤ ገበሬ ማኅበር መጣ። አባትህ መሬት በስሙ ያገኘው ያኔ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና። ነገሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው። ከተማው ሲመጣ ገበሬው የሚካሰው ለቤቱ፣ ለዛፉና ለሰብሉ ነው። ለመሬቱ ዋጋ አይከፈለውም። በአዋጅ 455/1997 መሠረት በቋሚነት ለሚነሳ ሰው የሚታሰብለት የአምስት ዓመቱ አማካይ ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 በወጣው አዋጅ 1161 ወደ አሥራ አምስት ከፍ አለ። የኛ አካባቢ መሬት አብዛኛው የሄደው ግን በአሥሩ ዘመን ነው።

እስቲ አስቡት። ጤፍ አምርቶ የሚያገኘው የአሥር ዓመት ገቢ በአንድ ቀን ባንክ ይገባለታል። ገንዘብ ማሽከርከር ያስተማረው የለም። መኪና ይገዛል፣ ይደግሳል፣ ዘመድ ይበደረዋል። ገንዘቡ ሲያልቅ እርሻው የለም። አብረውኝ ቡና የሚጠጡ፣ በራሳቸው ማሳ ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ ሰዎች አውቃለሁ። በአጠገባቸው ደግሞ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ፣ ካሬው በሺዎች ይሸጣል።

ብሎክ 41፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ይህ ለክርክር ይሆናል እንጂ ኮሚናል ግድግዳ ላይ የአዋጅ ቁጥር ይሰቀላል? የሚያነቡት ልጆች ናቸው። ካሳ ከገባ ደግሞ ሌላውም ይግባ። በ2012 ለልማት ተነሺ አርሶ አደሮች ኮንዶሚኒየም ይሰጥ ሲባል ዓመታት የጠበቀው ቆጣቢ ጮኋል። እሱም የሰፈሩ ታሪክ ነው። በ2014 ዕጣ ወጥቶ የተሰረዘውስ? ማን ያቆመናል?

ጋሽ መምህር (ሲኤምሲ)፦ እኔ ቁጥሩ ይሰቀል አላልኩም። "ተነሡ" የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይቀመጥ ነው የፈለግሁት። በምን ተነሡ፣ ምን ተሰጣቸው፣ ወዴት ሄዱ? ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ለልጆች ከባድ ነው ያልከው አያሳምነኝም። ስለ ዐድዋ እየነገርናቸው ስለ ጎረቤታቸው ሲሆን ከበደን?

የፊጋው ልጅ፦ እኔ ልጨምር። ማንም ያላነሳው ዕድር ነው። የድሮዎቹ መንደሮች ዕድር እስከ ዛሬ አለ። ድንኳንም ድስትም አላቸው። የኮንዶሚኒየሙ ዕድር ሲቋቋም ግን "የብሎክ ነዋሪ ብቻ" ተባለ። ባለፈው ከጀርባችን ካሉት የገበሬ ቤቶች አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ እኛ ግቢ ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አይደለም፣ የሰማ ስለሌለ ነው። አጥሩ ላይ አንድ በር ቢኖር ይሰማ ነበር።

የሰሚቷ እናት፦ ኧረ እኔም አልሰማሁም! የማን አባት ናቸው?

የበሻሌው፦ የአጎቴ ጎረቤት ናቸው። አረፉ፣ ነፍስ ይማር። አየሽ፣ እኔ የምለው ይኼን ነው። እኛን "ነባር ነዋሪ" ትሉናላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ግን ወንበር የለንም። የቀሩት ቤቶች እስከ ዛሬ ካርታ የሌላቸው አሉ። ዛሬ ነገ ሲባል ልጆቹ ቤቱን ማደስ እንኳን ይፈራሉ።

ብሎክ 41፦ የካርታው ጉዳይ የወረዳ ሥራ ነው። እኛ ምን እናድርግ?

የበሻሌው፦ ቢያንስ እንደሌለን አድርጋችሁ አትጻፉ።

አስተባባሪ፦ እንዲህ አድርጌ ልሰብስበው። አንደኛ፣ ጽሑፉ ከመንደሮቹ ይጀምራል፤ 2013 መሐል ላይ ይገባል። ብሎክ 41 ብቻ ነው የተቃወመው፣ ተቃውሞውን መዝግቤያለሁ። ሁለተኛ፣ ስለ መነሣቱ የሚገባውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጋሼ ይጻፉልን። ሦስተኛ፣ የበሻሌው፣ አባትህ ፈቃደኛ ከሆኑ ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ እንምጣና የድሮው መንገድና ውሃው የት እንደነበረ በእግር ያሳዩን፤ የፊጋው ልጅ ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል። የአጥሩ በር በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ አጀንዳ ነው። የካሳው ነገር ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ድምፅ ስጡ።

ጋሽ መምህር (ሲኤምሲ)፦ ይግባ።

የፊጋው ልጅ፦ ይግባ።

ብሎክ 41፦ አይግባ። ከገባም አጭር ይሁን።

የሰሚቷ እናት፦ ይግባ። ግን እኛም ቤቱን በዕዳ እንደገዛን አብሮ ይጻፍ።

የበሻሌው፦ ይጻፍ፣ ምን ችግር አለው። ቅዳሜ ግን ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ።