«ደበቁን» ደግሞ ምን ማለት ነው?

ቀፎው፦ ዛሬም ያው መልእክት ዞሮ ደረሰኝ። «የንብ መርዝ የጡት ካንሰርን በ60 ደቂቃ ይገድላል፤ ለምን ደበቁን?» ኧረ ተዉ! ንብ አናቢ ነኝ፣ ለንብ አድላለሁ። ግን ወሬው የተነሳበት የምዕራብ አውስትራሊያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ዜናውም ዓለምን አዳርሷል። ምኑ ነው የተደበቀው?

እህተ_ተስፋ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ምኑ ነው ውሸቱ? ሜሊቲን፣ ያ የንብ መርዙ ዋና ንጥረ ነገር፣ የካንሰሩን ሴል ሽፋን በሳስቶ ገደለው፤ ጤነኛውን ብዙም አልነካም። ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ነርሷ፦ ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ! እዚያማ በረኪናም ይገድላል።

እህተ_ተስፋ፦ በረኪና ጤነኛውን ከታመመው ይለያል? ንጽጽርሽ ውሃ አያነሳም።

ነርሷ፦ እሺ በረኪናውን ተይው። ያ ልዩነት የታየው በተለካ መጠን ነው። መጠኑ ሲያልፍ ሜሊቲን ቀይ የደም ሴልንም ያፈነዳል። ንቧ ለክታ ነው የምትነድፈው?

ቀፎው፦ የኔዎቹስ ለክተው አያውቁም። ደግሞ የትኛዋ ንብ? እዚያው ጥናት ላይ የባምብልቢ፣ የዚያች ጠጉራም ትልቅ ንብ፣ መርዝ ምንም አልፈየደም።

ዝም_አልልም፦ «ደበቁን» ማለት ገንዘብ አያወጡበትም ማለት ነው። የተፈጥሮ ነገር ትርፍ የለውማ።

ቀፎው፦ ትርጉሙ ተቀየረ እንዴ? በዚያው ጥናት አይጦች ላይ ከሜሊቲን ጋር የተሞከረው ዶሴታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒት እኮ መነሻው የዛፍ ቅጠል ነው። ይኸው ኬሞ ሆኖ ይሸጣል።

ዝም_አልልም፦ ቅጠሉን ላብራቶሪ ውስጥ ቀይረው! እንዳለማ ቢሆን ማን ይነካው ነበር? የኔን ነጥብ አረጋገጥክልኝ፣ አመሰግናለሁ።

እህተ_ተስፋ፦ መርዙን እንተወው። ንቦች ከዛፍ ሙጫ የሚሠሩት ፕሮፖሊስና ንግሥቲቱን የሚመግቧት ሮያል ጄሊ በሽታ የመከላከል አቅምን አይገነቡም?

ነርሷ፦ «ይገነባሉ» ስትሉ ግድግዳ ታስመስሉታላችሁ። አለርጂም የዚያው አቅም ሥራ ነው። ሮያል ጄሊ ውጠው ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች አሉ።

ቀፎው፦ እኔ ራሴ ፕሮፖሊስ ከቀፎ ፍሬም ስፍቅ በማግስቱ በጣቶቼ መሃል ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። ጓንት ካላደረግኩ አልነካውም።

እህተ_ተስፋ፦ አክስቴ ጉሮሮዋ ላይ ጨረር ስትወስድ አፏ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ነበር። ማር በማንኪያ ጫፍ እየላሰች ነው ምግብ የጀመረችው። እሱንም በረኪና በይው!

ነርሷ፦ እሱንስ አልከራከርሽም፤ የጨረር ቁስል ላይ ማር በደንብ ተሞክሯል። ግን ማሩ ያስታገሰው ቁስሉን ነው፣ እጢውን የመታው ጨረሩ። ያንቺን መልእክት አንብባ ጨረሩን የምታቆም አክስት ብትኖርስ?

እህተ_ተስፋ፦ አቁሙ የሚል ቃል የታለ? አሳዪኝ!

ነርሷ፦ «ደበቁን» የተባለ ሰው ሐኪሙን ያምናል?

ዝም_አልልም፦ ነርሷ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ስንት ነው የሚከፍሉሽ?

ነርሷ፦ እሱንማ ደበቁኝ።

እህተ_ተስፋ፦ ሳቁ። መልእክቱን ግን አላጠፋውም።