የአቅራቢው ማድረሻ በማን ላይ ይውደቅ?

ባለ ፍሬም ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የስዕል ፍሬም ቤት አለችኝ። እንጨቱም፣ መስታወቱም፣ ካርቶኑም ከአቅራቢ ነው የሚመጣው። ትዕዛዙ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ማድረሻ ያስከፍሉኛል። እኔ ደግሞ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ነው የማዝዘው። ስቶክ የምይዝበት ቦታም ገንዘብም የለኝም። እስካሁን ማድረሻውን ደረሰኙ ላይ ለብቻው እጽፈው ነበር። በቀደም አንዲት ደንበኛ «የአንቺን ዕቃ ማስመጫ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» አለችኝ። ባለቤቴ «ዋጋው ውስጥ ክተቺውና ተገላገይ» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ለብቻው ይጻፍ ወይስ ዋጋው ውስጥ ይግባ?

ደንበኛ ነኝ፦
ሴትዮዋ እውነቷን ነው! ልብስ ሰፊ ጋ ስሄድ «የክር ማጓጓዣ» ተብሎ አይጻፍብኝም። የመጨረሻውን ዋጋ ንገሩኝ። ከተስማማኝ እከፍላለሁ፣ ካልሆነ እሄዳለሁ። መጨረሻ ላይ ዱብ የምትል ጭማሪ ግን ታናድዳለች።

ሂሳብ ያዥ፦
እህቴ፣ በሂሳብ በኩል ይሄ ብዙም አያከራክርም። ስለ ስቶክ የሚናገረው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አይኤኤስ 2፣ መግዣውን፣ ቀረጡንና ማጓጓዣውን ደምሮ የዕቃው ወጪ ያደርጋቸዋል። ዕቃው እጅሽ እስኪገባ ለማምጫው ያወጣሽው የእንጨቱ ዋጋ አካል ነው ማለት ነው። ያለቀውን ፍሬም ደንበኛው ቤት ማድረስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሽያጭ ወጪ ነው። ሁለቱን «ትራንስፖርት» የሚል አንድ መዝገብ ውስጥ የሚደባልቁ ሰዎች አሉ። ከዚያ ትርፋቸው የት እንደገባ ግራ ይገባቸዋል። ባለቤትሽ ልክ ነው።

የድሮ ፍሬም ሠሪ፦
ቆይ እስቲ። «ዋጋው ውስጥ ይግባ» ማለት ቀላል ነው። እንዴት ነው የሚገባው? ጠቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ፍሬም ቤት የዕቃውን መግዣ በሆነ ቁጥር አባዝቶ ይሸጣል። በ3 እንበል። እንጨቱ 100፣ ማድረሻው 40 ቢሆን፣ ደምረሽ ስታባዢው 420 ይመጣል። እንጨቱን ብቻ አባዝተሽ 40ውን ከላይ ብትጨምሪ 340 ነው። መሃል ላይ ያለችው 80 የምንድን ናት? እንጨት አይደለች፣ የእጅ ሥራ አይደለች። ደንበኛው ማድረሻውን 3 ጊዜ ከፈለ። ልጄ፣ ይሄ በእኔ ቋንቋ ዝርፊያ ነው። ለብቻው መጻፉ ቢያንስ እውነቱን ያሳያል።

ሂሳብ ያዥ፦
ዝርፊያ እንኳን ከበደ ጋሼ። ሣጥኑን የሚፈታው፣ መስታወቱን የሚፈትሸው፣ ተቧጭሮ የመጣውን እንጨት የሚመልሰው ማን ነው? ገንዘቡስ ደንበኛው እስኪከፍል የተያዘው የማን ነው?

የድሮ ፍሬም ሠሪ፦
የሷ ነው፤ ማን ካደ? ግን ያ የሥራ ሰዓት ነው። ሰዓቷን በሰዓቷ ታስከፍል። አቅራቢው ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሷ ድካም 3 እጥፍ አይጨምርም።

ከአቅራቢ ወገን፦
ስማችን ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማድረሻው ለምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። የፍሬም እንጨት ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ዘንግ ሆኖ ነው የሚላከው። አጓጓዦች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፤ በያዘው ቦታም ነው። የተለመደው ስሌት ርዝመት፣ ወርድና ቁመትን በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ5000 ማካፈል ነው። 300 በ10 በ10 የሆነ ጥቅል እንውሰድ። 30,000 ለ5000 ሲካፈል 6 ኪሎ ይሆናል። ውስጡ ያለው አንድ ቀጭን ዘንግ 1 ኪሎ ባይሞላም የሚከፈለው የ6 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ረጅም ዕቃ ተጨማሪ ቅጣት አለው። ግን እዚያው ጥቅል ውስጥ 4 ቀጭን ዘንግ ብንከት መጠኑ አይለወጥም። ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ዘንግ ብቻ ስታዢ የምትከፍዪው የባዶ ቦታ ዋጋ ነው።

በልክሽ ተቆርጦ እንዲመጣልሽ ማዘዝም ትችያለሽ። ሣጥኑ ያጥራል፣ ማድረሻው ይቀንሳል። በሜትር ሲታሰብ ግን እንጨቱ ይወደዳል። ደንበኛው ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ አለቀ።

ባለ ወርክሾፕ፦
እኔ ከሁላችሁም በአንድ ነገር እለያለሁ። ለብቻው ይጻፍ፣ ውስጥ ይግባ የምትሉት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የዚህች ደንበኛ ድርሻ ስንት እንደሆነ እንወቅ።

40 በ50 የሆነ ስዕል መጣ እንበል። እንጨቱ 5 ሴንቲ ወርድ አለው። ዙሪያው 180 ነው። ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ ሲቆረጡ፣ 4ቱም ጎን በሁለቱ ጫፉ አንድ አንድ ወርድ ስለሚጨምር፣ የወርዱን 8 እጥፍ ይበላሉ፤ 40 ሴንቲ። 220 ሆነ። ከ300ው ዘንግ 80 ተረፈ። ይቺ 80 ምን ትሠራለች? ለ10 በ15 ፎቶ እንኳን 50 ሲደመር 40፣ 90 ያስፈልጋል። አትበቃም! የመጋዙ ብክነት ገና አልተቆጠረም። እንግዲህ የዚያችን ቁራጭ ማድረሻ ማን ይክፈል? የማትጠቅም ከሆነች ደንበኛዋ የ300ውን ሙሉ ትከፍላለች። ነገ ከሌላ ቁራጭ ጋር የምትገጣጠም ከሆነ የ220ውን ብቻ።

ማከፋፈያውም ያስቸግራል። በዋጋ ድርሻ ካከፋፈልሽ፣ በወርቅ ቅጠል የተለበጠው ውድ እንጨት አብሮት የመጣውን የመስታወት ጭነት ይሸከማል። 2 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ይመዝናል። እዚያው ውፍረት ያለው አክሪሊክ፣ በመስታወት ፈንታ የሚገባው የጠራ ፕላስቲክ፣ ግማሹን እንኳን አይሞላም። እኔ እንጨቱን በሜትር፣ መስታወትና ካርቶኑን በካሬ ሜትር እለያቸዋለሁ። ደግሞም የአንድን ቀን ደረሰኝ አይደለም የምወስደው። የ3 ወሩን የእንጨት ማድረሻ ደምሬ፣ ለገባው ሜትር አካፍዬ፣ እያንዳንዱ ሜትር ላይ እጨምራለሁ። ከተባዛ በኋላ ነው የምጨምረው ጋሼ፤ በዚያ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ደንበኛ ነኝ፦
ቆይ፣ ታዲያ እኔ ዕቃ በብዛት በመጣበት ሳምንት ባዝዝ የሌላውን ሰው ማድረሻ ልከፍል ነው?

ባለ ወርክሾፕ፦
አዎ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላው ያንተን ይከፍልልሃል። ማክሰኞ ያዘዘ ብቻውን ስለሆነ ብዙ ከፍሎ፣ ሐሙስ ያዘዘ 5 ሰው ስላገኘ ትንሽ ቢከፍል ፍትሕ ነው?

የድሮ ፍሬም ሠሪ፦
የቸኮለውስ? «ለነገ ካልደረሰ» ብሎ ሱቁ ውስጥ የቆመውን ሰው የትዕግሥተኛው ኪስ ሊደጉመው ነው?

ባለ ወርክሾፕ፦
ለእሱ ለብቻው ይጻፍ። ግን ከማዘዙ በፊት ይነገረው። የማንም የማይፈልገውን ልዩ ቀለም ለሚመርጥም እንደዚያው።

ሂሳብ ያዥ፦
እሱ ላይ አልከራከርም። አንድ ነገር ልጨምር። ፎርድ ሃሪስ የሚባል ሰው በ1913 ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ የሚያሰላ ቀመር አውጥቶ ነበር። ማድረሻው 4 እጥፍ ቢወደድ፣ የሚያዋጣው የትዕዛዝ መጠን 2 እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ማድረሻን ፈርቶ መጋዘን መሙላትም ኪሳራ አለው። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ የእንጨቱ ፋሽን ያልፋል። አቅራቢው «ከዚህ በላይ ካዘዝሽ በነፃ» ሲልሽ ነፃዋን ለማግኘት የማይሸጥ ዕቃ አትግዢ።

ባለ ፍሬም ቤቷ፦
ተባረኩ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ማድረሻውን አላባዛውም። ትዕዛዝ የማወጣው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል፤ ደንበኛም ሲመጣ ቀኑን እነግረዋለሁ። ማድረሻው በሜትር ዋጋው ውስጥ ይገባል። የቸኮለ ብቻ ለብቻው ይከፍላል።

ደንበኛ ነኝ፦
የ3 ወሩ ሂሳብ ሲወርድስ የሜትሩን ዋጋ ታወርጂዋለሽ? ወይስ ሲወጣ ብቻ ነው የምናየው?

ባለ ፍሬም ቤቷ፦
አወርደዋለሁ። ግን መጀመሪያ ተሰብሮ የሚመጣውን መስታወት አብሬ ላስላው፤ እሱን እስካሁን ማንም አላነሳውም።